በሦስት ነጥብ እየመሩ ሆን ብሎ ፋውል መሥራት

በሦስት ነጥብ እየመሩ ሆን ብሎ ፋውል መሥራት በቅርጫት ኳስ ጨዋታ የመጨረሻ ሰከንዶች ላይ የሚወሰድ የመከላከል ስልት ነው። አንድ ቡድን በሦስት ነጥብ እየመራ፣ ጥቂት ሰከንዶች ሲቀሩ፣ ኳሱም በተጋጣሚው እጅ እያለ፣ ተጋጣሚው ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራ ከመሞከሩ በፊት ሆን ብሎ ፋውል ይሠራበታል። በዚህ ጊዜ ተመሪው ቡድን አቻ ሊያደርገው የሚችለውን የሦስት ነጥብ ሙከራ ያጣል፤ በምትኩ እያንዳንዳቸው አንድ ነጥብ የሚያስገኙ ሁለት ነጻ ውርወራዎች ይሰጡታል። ሁለቱንም ቢያስገባ እንኳ ገና በአንድ ነጥብ ይቀደማል።

አሰልጣኞች በዚህ ስልት ላይ ለብዙ ዓመታት ተከራክረዋል። በወረቀት ላይ ሲሰላ ፋውል መሥራቱ በግልጽ ይሻላል፤ በእውነተኛ ጨዋታዎች መዝገብ ላይ ግን ጥቅሙ እንደዚያ ጎልቶ አይታይም። የሁለቱ አለመጣጣም በአብዛኛው የሚብራራው በሁለት ነገሮች ነው፤ ፋውሉ በተሠራበት ሰዓትና በአፈጻጸሙ ጥራት።

አመጣጥ

ጥያቄው የመጣው ከባለ ሦስት ነጥብ መስመር ጋር ነው። መስመሩ ከመኖሩ በፊት ከሜዳ የሚገባ ኳስ ሁሉ ሁለት ነጥብ ብቻ ያስገኝ ስለነበር፣ በሦስት ነጥብ የተቀደመ ቡድን በአንድ ውርወራ አቻ ሊሆን የሚችለው ኳሱን እያስገባ ፋውል ከተሠራበትና ተጨማሪውን ነጻ ውርወራ ካስገባ ብቻ ነበር። የአሜሪካው ኤን ቢ ኤ መስመሩን እ.ኤ.አ. በ1979፣ ዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን (ፊባ) ደግሞ በ1984 ተቀበሉ። በአሜሪካ የወንዶች የኮሌጅ ውድድር በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ የዋለው ከ1986-87 የውድድር ዘመን ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላ የሦስት ነጥብ ብልጫ በአንድ ውርወራ ብቻ የሚጠፋ ብልጫ ሆነ።

ስልቱ ከሌሎች ሆን ተብለው ከሚሠሩ ፋውሎች ጋር መምታታት የለበትም።

- ተመሪው ቡድን የሚሠራው ፋውል፦ ዓላማው ሰዓቱን ማስቆምና ከነጻ ውርወራው በኋላ ኳሱን መልሶ ማግኘት ነው።
- ነጻ ውርወራ በማይችል ተጫዋች ላይ የሚሠራ ፋውል፦ በኤን ቢ ኤ ተጫዋቹ ሻኪል ኦኒል ስም «ሃክ-ኤ-ሻክ» ተብሎ ይታወቃል።
- ፈጣን መልሶ ማጥቃትን ለማቆም የሚሠራ ፋውል፦ ኤን ቢ ኤ ከ2022-23 የውድድር ዘመን ጀምሮ በአንድ ነጻ ውርወራና ኳሱን ለተጠቂው ቡድን በመመለስ ይቀጣዋል። ሆኖም ይህ ቅጣት በአራተኛው ሩብና በተጨማሪ ሰዓት የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች ላይ አይሠራም።

ሕጉ

ስልቱ የሚሠራው የተለመደ ፋውል ቀላል ቅጣት ስላለው ነው። በፊባ ሕግ አንድ ቡድን በአንድ ሩብ ውስጥ አራት ፋውል ከሠራ በኋላ፣ ከአምስተኛው ጀምሮ ኳስ ባልያዘው ቡድን የሚሠራ እያንዳንዱ ፋውል ሁለት ነጻ ውርወራ ያስቀጣል። ኤን ቢ ኤም በሩብ ከአምስተኛው ፋውል ጀምሮ ይቀጣል፤ በተጨማሪም በሩቡ የመጨረሻ ሁለት ደቂቃዎች ውስጥ የሚሠራ ሁለተኛ ፋውል ተመሳሳይ ቅጣት አለው። መሪው ቡድን ገና እዚህ ወሰን ላይ ካልደረሰ ለእሱ የበለጠ ይመቸዋል፤ ፋውሉ ነጻ ውርወራ ሳያስከትል ተጋጣሚው ኳሱን ከመስመር ውጭ እንደገና እንዲያስገባ ብቻ ያደርገዋል፣ በመሃሉም ሰከንዶች ያልፋሉ።

ፋውሉ ግን ከተለመደው ወሰን ማለፍ የለበትም። በፊባ ሕግ ኳሱን ለመንካት ምንም ተገቢ ሙከራ ሳይደረግ የሚሠራ ፋውል «ስፖርታዊ ጨዋነት የጎደለው» ተብሎ ሊፈረጅ ይችላል፤ ቅጣቱም ሁለት ነጻ ውርወራና ኳሱ እንደገና ለተጠቂው ቡድን መሰጠት ነው። ኤን ቢ ኤና የአሜሪካ ኮሌጆችም ለመሰል ጥፋቶች ተመጣጣኝ ቅጣት አላቸው። በዚህ ምክንያት ሆን ተብሎ የሚሠራው ፋውል ኳስ ለመንጠቅ የተደረገ ሙከራ መምሰል አለበት። አጥቂውን ከኋላ መግፋት፣ በሁለት እጅ ማቀፍ ወይም መለያውን ይዞ መጎተት መሪውን ቡድን ከነበረበት የባሰ ቦታ ላይ ሊጥለው ይችላል።

ፋውሉ የሚሠራበት ቅጽበትም በሕጉ የተወሰነ ነው። ኳሱ ገና ከመስመር ውጭ ባለው ተጫዋች እጅ ሳለ ወይም ከኳሱ ርቆ ባለ ተጫዋች ላይ በመጨረሻዎቹ ሁለት ደቂቃዎች የሚሠራ ፋውል፣ አንድ ነጻ ውርወራና ኳሱን ጭምር የሚያስቀጣባቸው ሕጎች አሉ። ውርወራው ከተጀመረ በኋላ የሚሠራ ፋውል ደግሞ ሦስት ነጻ ውርወራ ያሰጣል። ስለዚህ ተከላካዩ ያለው ዕድል ኳሱ ሜዳ ውስጥ ከገባበት እስከ ውርወራው መጀመሪያ ያለው አጭር ጊዜ ነው። ኢትዮጵያ የፊባ አባል በመሆኗ በአገር ውስጥ የሚደረጉ ውድድሮችም የሚመሩት በፊባ ሕግ ነው።

ስሌቱ

የስልቱን ጥቅም ለማየት ቀላል ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለማስረጃ ሳይሆን ለማብራሪያ የተወሰዱ ግምቶች ናቸው። አራት ሰከንድ ቀርቷል እንበል።

- ተመሪው ቡድን ጥሩ መከላከል ተደርጎበት ባለ ሦስት ነጥብ ውርወራ የማስገባት ዕድሉ፦ 30 በመቶ
- አንድ ነጻ ውርወራ የማስገባት ዕድሉ፦ 75 በመቶ
- ሁለተኛውን ነጻ ውርወራ ሆን ብሎ ከሳተ በኋላ የተመለሰውን ኳስ (ሪባውንድ) የማግኘት ዕድሉ፦ 12 በመቶ
- ያንን ኳስ ለሁለት ነጥብ የማስገባት ዕድሉ፦ 50 በመቶ
- በተጨማሪ ሰዓት የማሸነፍ ዕድል ለሁለቱም፦ 50 በመቶ

ፋውል ካልተሠራ መሪው ቡድን የሚሸነፈው ባለ ሦስት ነጥቡ ገብቶ፣ ከዚያም በተጨማሪ ሰዓት ሲሸነፍ ነው። ይህ 0.30 × 0.50፣ ማለትም 15 በመቶ ነው።

ፋውል ከተሠራ ተመሪው ቡድን ሦስት ነገሮች በተከታታይ እንዲሳኩለት ያስፈልጋል፤ የመጀመሪያውን ነጻ ውርወራ ማስገባት፣ ሁለተኛውን ስቶ ሪባውንዱን መያዝ፣ ከዚያም ኳሱን ማስገባት። 0.75 × 0.12 × 0.50 ወደ 4.5 በመቶ ይሆናል። ይህም የሚያስገኘው አቻ ብቻ ስለሆነ፣ በተጨማሪ ሰዓት መሪው የሚሸነፍበት ዕድል ግማሹ፣ 2.25 በመቶ አካባቢ ነው።

በዚህ ላይ የስህተት ዕድል መጨመር አለበት። ከ100 ሙከራ በ5ቱ ተከላካዩ ዘግይቶ በወርዋሪው ላይ ፋውል ቢሠራና ሦስት ነጻ ውርወራ ቢሰጥ፣ ሦስቱም የመግባታቸው ዕድል 42 በመቶ ገደማ ነው። ይህ ሲታከል የመሸነፍ ዕድሉ በጠቅላላ ወደ 3.2 በመቶ ከፍ ይላል። ያም ሆኖ ከ15 በመቶ በጣም ያነሰ ነው። በእነዚህ ግምቶች መሠረት መከላከሉ ከፋውሉ የሚሻለው የተጋጣሚው የሦስት ነጥብ ዕድል ከ6.4 በመቶ በታች ሲወርድ ብቻ ነው።

ሞዴሉ ሁሉንም ነገር አያካትትም። ያልገባ ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ እንደገና በአጥቂው ቡድን ሊያዝ ይችላል፤ ይህ የመከላከሉን አደጋ ይጨምራል። በሌላ በኩል ከነጻ ውርወራ በኋላ የተያዘ ኳስ ወደ መስመሩ ተመልሶ ለሦስት ነጥብ ሊወረወርና አቻ ሳይሆን ድል ሊያስገኝ ይችላል።

የቀረው ሰዓት

ከላይ ያለው ስሌት የሚሠራው ከሁለቱ ነጻ ውርወራዎች በኋላ ጨዋታው በተግባር ካለቀ ነው። 12 ሰከንድ ሲቀር ግን ነገሩ ይለያል። ነጻ ውርወራ በሚወረወርበት ጊዜ ሰዓቱ ስለሚቆም፣ ቀድሞ የተሠራ ፋውል ለተመሪው ቡድን ነጥብ ብቻ ሳይሆን ጊዜም ይሰጠዋል።

ተመሪው ሁለቱንም ነጻ ውርወራ ካስገባ ብልጫው አንድ ይሆናል። ቀጥሎ እሱም በተራው ፋውል ይሠራል፣ መሪው ቡድንም ወደ ነጻ ውርወራው መስመር ይሄዳል። የመሪው ተጫዋችም 75 በመቶ የሚያስገባ ከሆነ ሁለቱንም የማስገባት ዕድሉ 56 በመቶ ብቻ ነው። በቀሪው 44 በመቶ ቢያንስ አንዱን ይስታል፣ ብልጫውም ሁለት ወይም አንድ ይሆናል። በሦስት ነጥብ ሲቀደም ባለ ሦስት ነጥብ ኳስ አቻ ብቻ ያደርገው የነበረው ቡድን አሁን በዚያው ኳስ ማሸነፍ ይችላል። ተጨማሪ ሰዓትን ለማስቀረት የተወሰደው እርምጃ በመደበኛው ሰዓት መሸነፍን የሚያመጣበት መንገድ ይህ ነው።

በዚህ ምክንያት ስልቱን የሚደግፉ አሰልጣኞች ሳይቀሩ ፋውሉ እስከ መጨረሻዎቹ አምስት ወይም ስድስት ሰከንዶች እንዲቆይ ይመክራሉ። እስከዚያው ተከላካዮቹ ባለ ሦስት ነጥብ መስመሩን ዘግተው ይጠብቃሉ፤ ተጋጣሚው ወደ ቀለበቱ ገብቶ ሁለት ነጥብ ቢያስገባ ብልጫው አይጠፋም።

የብልጫው መጠንም ወሳኝ ነው። ብልጫው ሁለት ከሆነ ሁለቱ ነጻ ውርወራዎች ራሳቸው አቻ ስለሚያደርጉ ፋውል መሥራት ትርጉም የለውም። ብልጫው አራት ከሆነ ደግሞ አንድ የሜዳ ኳስ ብቻውን አይበቃም፤ ፋውል መሥራት ያለ ወጪ ሰዓት ማቆም ይሆናል። ስልቱ በተለይ ለሦስት ነጥብ ብልጫ የተነገረው ለዚህ ነው።

ታዋቂ ጨዋታዎች

ኒው ዮርክ ኒክስ ከኢንዲያና ፔሰርስ፣ 1999። በኤን ቢ ኤ የምሥራቅ ምድብ ፍጻሜ ሦስተኛ ጨዋታ ፔሰርስ 91 ለ 88 ይመሩ ነበር። የኒክሱ ላሪ ጆንሰን 5.7 ሰከንድ ሲቀር ከመስመሩ ውጭ ሲወረውር አንቶኒዮ ዴቪስ ፋውል ሠራበት፤ ኳሱም ገባ። ጆንሰን ነጻ ውርወራውን አክሎ ኒክስ 92 ለ 91 አሸነፉ። ጨዋታው በሦስት ነጥብ ብልጫ ላይ ከወርዋሪ ጋር የሚደረግ ንክኪ ያለውን አደጋ ለማሳየት ዘወትር ይጠቀሳል።

ካንሳስ ከሜምፊስ፣ 2008። በሳን አንቶኒዮ ከተማ በተደረገው የአሜሪካ ወንዶች የኮሌጅ ፍጻሜ፣ 10.8 ሰከንድ ሲቀር የሜምፊሱ ዴሪክ ሮዝ ከሁለት ነጻ ውርወራዎች አንዱን አስገብቶ ውጤቱ 63 ለ 60 ሆነ። የሜምፊስ አሰልጣኝ ጆን ካሊፓሪ ፋውል እንዲሠራ ፈልገው እንደነበር ከጨዋታው በኋላ ተናግረዋል። ሮዝ ኳሱን ይዞ የመጣውን ሼሮን ኮሊንስን ለማስቆም ቢሞክርም ዳኞች ፋውል አልነፉም። ኮሊንስ ኳሱን ለማሪዮ ቻልመርስ አቀበለ፤ ቻልመርስ 2.1 ሰከንድ ሲቀር ሦስት ነጥብ አስገብቶ አቻ አደረገ። ካንሳስ በተጨማሪ ሰዓት 75 ለ 68 አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። በዚህ ጨዋታ ውሳኔው ተወስኖ ነበር፤ የጎደለው አፈጻጸሙ ነው።

ማያሚ ሂት ከሳን አንቶኒዮ ስፐርስ፣ 2013። በኤን ቢ ኤ ፍጻሜ ስድስተኛ ጨዋታ ስፐርስ ዋንጫውን ለማንሳት አንድ ድል ብቻ ይቀራቸው ነበር። 19.4 ሰከንድ ሲቀር ካዋይ ሌናርድ ከሁለት ነጻ ውርወራዎች አንዱን ስቶ ብልጫው 95 ለ 92 ሆነ። የግሬግ ፖፖቪች ቡድን ፋውል ሳይሠራ መከላከልን መረጠ። በመስመሩ አካባቢ ፈጣን ተከላካዮች እንዲኖሩ ረጅሙ ቲም ደንከን ተቀይሮ ወጥቶ ነበር። ሌብሮን ጄምስ የወረወረው ሦስት ነጥብ አልገባም፤ ነገር ግን ክሪስ ቦሽ ሪባውንዱን ይዞ ለሬይ አለን አቀበለ፣ አለንም 5.2 ሰከንድ ሲቀር ከማዕዘን አስገባ። ሂት በተጨማሪ ሰዓት 103 ለ 100፣ ከሁለት ቀን በኋላም ሰባተኛውን ጨዋታ አሸንፈው ሻምፒዮን ሆኑ። ጨዋታው መከላከል ማለት የመጀመሪያውን ውርወራ ማሳት ብቻ ሳይሆን ከዚያ በኋላ ኳሱን መያዝም መሆኑን አሳይቷል።

ማያሚ ሂት ከዴንቨር ናጌትስ፣ 2023። በፍጻሜው ሁለተኛ ጨዋታ የኤሪክ ስፖልስትራ ቡድን በሦስት ነጥብ እየመራ ፋውል ሳይሠራ ተከላከለ። የዴንቨሩ ጀማል መሪ በመጨረሻው ሰከንድ የወረወረው ሦስት ነጥብ ሳይገባ ቀርቶ ሂት 111 ለ 108 አሸነፉ። ተቃራኒው ምርጫ የሚሳካበት ጊዜ እንዳለ ይህ ጨዋታ ምሳሌ ነው።

ኦክላሆማ ሲቲ ተንደር ከዴንቨር ናጌትስ፣ 2025። በምዕራብ ምድብ የግማሽ ፍጻሜ የመጀመሪያ ጨዋታ ተንደር በሦስት ነጥብ እየመሩ ፋውል መሥራትን መረጡ፤ ከአሥር ሰከንድ በላይ ሲቀርም ፋውሉን ጀመሩ። ዴንቨር ነጻ ውርወራዎቹን አስገብቶ ብልጫውን ወደ አንድ ዝቅ አደረገ። ቀጥሎ የተንደሩ ቼት ሆልምግረን ሁለት ነጻ ውርወራዎችን ሳተ፤ አሮን ጎርደንም ከሦስት ሰከንድ ያነሰ ሲቀር ሦስት ነጥብ አስገብቶ ዴንቨር 121 ለ 119 አሸነፈ። ፋውሉ በጊዜ ሲቀድም የሚፈጠረውን ሰንሰለት ይህ ጨዋታ ደረጃ በደረጃ አሳይቷል። ተንደር ግን ዙሩን 4 ለ 3 አሸንፈው በመጨረሻ የዓመቱ ሻምፒዮን ሆነዋል።

ጥናቶች

የስታቲስቲክስ ባለሙያው ዴቪድ አኒስ እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተመው ጽሑፍ በጨዋታ ማብቂያ ላይ ያሉትን አማራጮች በዕድል ስሌት አወዳድሮ ለመሪው ቡድን ፋውል መሥራት የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። ውጤቱ ከላይ ከቀረበው ቀላል ምሳሌ ጋር ይስማማል።

በ2010 የሃርቫርድ ተማሪዎች የስፖርት ትንተና ቡድን ያወጣው ጥናት ግን የተመለከተው እውነተኛ ጨዋታዎችን ነው። የ2009-10 የኮሌጅ ጨዋታዎችን መርምሮ መሪው ቡድን በሦስት ነጥብ ብልጫ ላይ ሆኖ የተጋጣሚውን የመጨረሻ ሙከራ የጠበቀባቸውን 443 አጋጣሚዎች ሰብስቧል። ፋውል ከሠሩት 52 ቡድኖች 6ቱ ተሸንፈዋል፤ ካልሠሩት 391 ቡድኖች ደግሞ 33ቱ። የማሸነፍ ምጣኔው በቅደም ተከተል 88.5 እና 91.6 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ መለኪያ ትርጉም ያለው አልነበረም።

ሁለቱ ጥናቶች የግድ አይቃረኑም። የመጀመሪያው ፋውሉ በትክክል ሲሠራ የሚሆነውን ያሰላል፤ ሁለተኛው ፋውሉን ተጫዋቾች በተግባር እንደሠሩት ይቆጥራል። 52 አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ አንድ ወይም ሁለት ጨዋታ በሌላ መልኩ ቢያልቅ ምጣኔው በግልጽ ይለወጣል። ከሁለቱም የሚወሰደው ነገር የትኛውም ምርጫ ቢሆን መሪው ቡድን ብዙውን ጊዜ እንደሚያሸንፍ ነው። አሰልጣኙ የሚወስነው በቀረችው ትንሽ የሽንፈት ዕድል ላይ ነው።

አፈጻጸም

ስልቱን የሚጠቀሙ ቡድኖች በልምምድ ላይ የሚያተኩሩባቸው ነጥቦች የሚከተሉት ናቸው።

- ውሳኔውን አስቀድሞ ማሳወቅ። አምስቱም ተጫዋቾች በስንት ሰከንድ፣ ማን ላይ ፋውል እንደሚሠራ ከዕረፍት ጊዜው ሲወጡ ማወቅ አለባቸው።
- አጥቂው ኳስ እያነጠረ ወይም ጀርባውን ለቀለበቱ ሰጥቶ ሳለ መሥራት። ኳሱን በሁለት እጅ ይዞ ፊቱን ወደ ቀለበቱ ያዞረ ተጫዋች ንክኪውን ሲሰማ ወዲያው ወደ ውርወራ ሊለውጠው ይችላል።
- ወደ ኳሱ በሚዘረጋ እጅ፣ ዳኛው በግልጽ በሚያየው ሁኔታ መንካት። የሜምፊስ ሙከራ የከሸፈው ፋውሉ ባለመነፋቱ ነው።
- ከነጻ ውርወራው በኋላ ቦታ መያዝ። ተከላካዮቹ ለቀለበቱ የቀረበውን ቦታ ስለሚያገኙ ብልጫ አላቸው፤ ወርዋሪውን ራሱን የሚዘጋ ሰውም ያስፈልጋል። ሆን ተብሎ የሚሳት ነጻ ውርወራ ቀለበቱን መንካት ስላለበት አቅጣጫው በከፊል ሊገመት ይችላል።
- ነጻ ውርወራ የሚያስገቡ ተጫዋቾችን በሜዳ ላይ ማቆየት። ተመሪው ቡድን በምላሹ ፋውል እንደሚሠራ የታወቀ ነው።

እነዚህን ያልተለማመደ ቡድን፣ በተለይ በወጣቶች ደረጃ፣ በመከላከል መቀጠሉ ይሻለዋል የሚሉ አሰልጣኞች አሉ። ከላይ ባለው ስሌት የስህተት ዕድሉ ከ5 ወደ 30 በመቶ ቢያድግ የመሸነፍ ዕድሉ ወደ 8 በመቶ ይጠጋል፤ የስልቱ ጥቅምም በ40 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ትችትና አማራጭ ሐሳቦች

በስልቱ ላይ የሚቀርበው ዋና ትችት ተመልካቹ የሚጠብቀውን የመጨረሻ ውርወራ በተከታታይ ነጻ ውርወራዎች ይተካል የሚል ነው። ደጋፊዎቹ በበኩላቸው ቡድኑ በሕጉ የተፈቀደውን ቅጣት ተቀብሎ እየተጫወተ መሆኑንና ጥፋት ካለ የሕጉ እንጂ የቡድኑ አለመሆኑን ይናገራሉ።

ከቀረቡት አማራጮች የታወቀው በአሜሪካዊው ኒክ ኤላም ስም «የኤላም አጨራረስ» የሚባለው ነው። በዚህ አሠራር ወደ ጨዋታው ማብቂያ ሰዓቱ ይጠፋና መድረሻ ነጥብ ይወሰናል፤ ቀድሞ የደረሰ ያሸንፋል። ሰዓት ስለሌለ ለተመሪው ቡድን የሚቆም፣ ለመሪውም የሚያልቅ ጊዜ የለም፤ ፋውል የሚሠራ ቡድን ለተጋጣሚው ነጥብ ከመስጠት በቀር ብዙም አያተርፍም። ኤን ቢ ኤ አሠራሩን እ.ኤ.አ. ከ2020 እስከ 2023 በኮከቦች ጨዋታው ላይ ተጠቅሞበታል። የ2020ው ጨዋታ 157 ለ 155 ያለቀው አንቶኒ ዴቪስ ባስገባው ነጻ ውርወራ ነበር። በመደበኛ የኤን ቢ ኤና የፊባ ጨዋታዎች ግን ሰዓቱ እስካሁን የጨዋታው ዳኛ ሆኖ ስለቀጠለ፣ በሦስት ነጥብ የሚመራ አሰልጣኝ ውሳኔውን በእያንዳንዱ ጨዋታ እንደገና ይወስናል።

ደግሞ ይዩ

- ቅርጫት ኳስ
- ነጻ ውርወራ
- ባለ ሦስት ነጥብ መስመር
- የዕድል ስሌት